የአርባ ሰባት ቁጥር ብየዳ

የካቲት 4፣ ሰኞ

የግቢያችን በር ማጠፊያ ዛሬም ተገነጠለ። እማዬ ምን አደረገች? መንገድ ዳር ያለውን በያጅ አስጠራች። ቤት ውስጥ በያጅ ልጅ ቁጭ ብላ ሻይ እየጠጣች!

እህቴ ሚጣ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "እማዬ፣ እኔ እኮ አለሁ።"

"አንቺ እጅሽን ታጠቢ፣ ጥቁር ነው።"

በቃ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው። ሰውዬው መጣ፣ አንድ ሁለቴ ብልጭ አድርጎ ሄደ። ሚጣ ከኋላው ሄዳ ብየዳውን አየችና "ይሄ ብየዳ አይደለም፣ ምራቅ ነው" አለች። እኔም አየሁት። ምራቅ ነው።

ሥራ ቦታ ግን ቀኑ የኔ ነበር። ሦስት ብየዳ መረመርኩ። ሁለቱ ንጹህ። ሦስተኛው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታክል አረፋ… ዘጠኝ ሚሊ ጥልቀት ላይ ተኝታ። በያጁ "የለም!" ብሎ ማለ። "ፋቀውና እንይ" አልኩት። ፋቀው። ዘጠኝ ሚሊ ላይ ብቅ አለች። ከኔ የሚደበቅ ብረት ገና አልቀለጠም! (ይሄን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። እሺ… ትንሽ ተናገርኩ።)

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

ዋናው መሐንዲስ ቢሮው አስጠራኝ። የፓምፕ ቤቱን ዋና ቧንቧ ሚጣ ልትበይድ ነው! እስካሁን አጥርና መሰላል ብቻ ነበር የሚሰጣት። ይሄኛው ግፊት የሚሸከም ነው። ከውስጡ የሚያልፈው ውሃ አነስተኛ ስህተት እንኳ አይምርም።

ብየዳው ካለፈ የቁጥር ማህተሟ ለዘለቄታው የሷ ይሆናል። አርባ ሰባት። እያንዳንዱ በያጅ ከበየደው አጠገብ ቁጥሩን በመዶሻ ይመታል፤ ማን እንደሠራው ለዘላለም ይታወቃል። ካላለፈ ግን ቧንቧው ይቆረጣል፣ ማህተሙ ይመለሳል፣ እሷም አንድ ዓመት ወደ አጥር።

"እኔ ነኝ የምመረምረው!" ልል አፌን ስከፍት…

"አንቺ አትነኪውም" አለኝ። "የዘመድ ብየዳ አይነካም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። እኔው ነኝ አዲስ ሰው ሲመጣ የማነብለት። ምርመራው "ቀስ በሉ" ለሚባለው ተሰጠ። ይሄ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ስሙን ሁሉም ረስቶታል፣ ቀኑን ሙሉ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" ሲል ስለሚውል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፣ የሱ እንቁላል ግን ጡረታ ሊወጣ ነው። ደግ ሰው ነው። ጠንቃቃም ነው። እሺ… እኔ ብመርጥም እሱን ነበር የምመርጠው።

ራት ላይ ለእማዬ ነገርናት። "አርባ ሰባት? ሰው እንዴት በቁጥር ይጠራል? እስረኛ ነሽ?" አለቻት ሚጣን። ቀጥሎ ወደኔ። "አንቺስ ቆይ፣ የምትሠሪው ምንድነው? እሷስ ብረት ታቃጥላለች፣ ይታያል።"

ከስንት ዘመን በኋላ ጠየቀችኝ! ነገርኳት። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ብረቱ ውስጥ እልካለሁ። ድምፁ የብረቱ ማዶ ሲደርስ ነጥሮ ይመለሳል። መሃል ላይ ስንጥቅ ካለ ግን ከዚያው ይመለሳል። ማሽኑ የመሄጃ መምጫውን ጊዜ ቆጥሮ ጥልቀቱን ይነግረኛል። "እንደ ገደል ማሚቶ ነው" አልኳት።

"አሃ። ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ ስትጮሂ እየዋልሽ ነዋ ቤት ስትገቢ የምትዘጊኝ።"

ሚጣ በሳቅ ሞተች።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

በየደች!

ጠዋት ትንሽ ጉድ ነበር። የሁለቱ ቧንቧዎች አፍ አልገጥም አለ፤ አንዱ ሞላላ ነው። ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ተወስደው የሁለቱም አፍ ከውስጥ በኩል ተላጠ፣ የመዳፍ ስፋት ያህል ወደ ውስጥ። ፕላኑ ይፈቅዳል፣ ችግር የለውም። የቶርኖ ባለሙያው ሲመልሳቸው "ባልና ሚስት አስታርቄ መጣሁ" አለ። ሚጣ ከተላጠው ብረት አንድ ጥቅልል ፍቅፋቂ አንስታ ኪሷ ከተተች። ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ወርቅማ። ልጅ ሆና ቆርኪ ትለቅም ነበር፤ አልተለወጠችም።

ጭምብሏን አወረደች። ከሩቅ፣ ከበሩ ጋ ቆሜ አየሁ። ስትጨርስ ጭምብሏን አነሳች… ፊቷ ላብ በላብ። በዓይኗ ፈለገችኝ። አውራ ጣቴን አሳየኋት። እንዳላየ ሰው ዞር አለች፣ ግን ስትስቅ አይቻታለሁ።

የካቲት 8፣ ዓርብ

ብየዳው ይቀዝቅዝ ተብሎ ይጠበቃል። ቀስ በሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም፤ እስከዚያው የቧንቧውን ውፍረት ለካ። "ሃያ ሁለት ሚሊ! ልክ እንደ ፕላኑ!" ሲል ከወዲያኛው ክፍል ሰማሁት። ፕላን ሲከበር እንዴት ደስ ይለዋል።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ።

ቀስ በሉ ከፓምፕ ቤቱ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። "እህቴ" አለኝ። የስክሪኑን ፎቶ አሳየኝ። ከብየዳው ፊት አራት ሚሊ ወደ ውስጥ አንድ ነገር አለ። አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ቧንቧውን ዙሪያውን! "ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት" አለ። እውነቱን ነው፣ እሱ ነገር ሳይደጋግም አይናገርም።

ዋናው መሐንዲስ፦ "ሐሙስ ይቆረጥ።"

ሚጣ ቤት ገብታ ቦት ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እማዬ በሩ ላይ ቆመችና "ብያለሁ እኮ…" ብላ ጀመረች። "ምን ብለሻል እማዬ? ምን?" ጮህኩባት። በሕይወቴ እንደዛ ጮኼባት አላውቅም። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ሚጣ ጠዋት እኔን ጠብቃ ነው የወጣችው። መንገድ ላይ ድንገት ቆመች።

"እትዬ፣ አላምንም።"

"ምኑን?"

"ብየዳዬን አውቀዋለሁ። ሲገባልኝ ይሰማኛል። ያን ቀን ሁሉም ገብቶልኛል። አንቺ ብትመረምሪው ኖሮ ምን ትዪ ነበር?"

ምን ልበላት? ያን ፎቶ እኔ ባየው ኖሮ እኔም "ይቆረጥ" እል ነበር። አልነገርኳትም። "እናያለን" አልኳት… ምን እንደምናይ ሳላውቅ።

ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። አራት ሚሊ። ዙሪያውን አራት ሚሊ። የብየዳ ስህተት ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱ ጋ ሦስት፣ አንዱ ጋ ሰባት፣ ሌላው ጋ ጭራሽ የለም። ስህተት እንደ ወታደር ተሰልፎ አይሄድም። እንዲህ የምለው እህቴ ስለሆነች ነው? ፍቅር ዓይኔን ጋርዶት? ይሄን ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

አገኘሁት! አገኘሁት አገኘሁት አገኘሁት!

ከሥራ ገብቼ የሚጣን ክፍል መስኮት ልዘጋ ገባሁ። መስኮቱ ላይ ያቺ ጥቅልል ፍቅፋቂ። አነሳኋት… ወደ ብርሃን አደረግኋት… እንዴት ታምራለች ስል ነበር። ከዚያ ቀጥ አልኩ። ይሄ ብረት ከየት መጣ? ከቧንቧው አፍ ውስጥ። ታዲያ አፉ ጋ ያለው ግድግዳ አሁንም ሃያ ሁለት ሚሊ ነው?

አይደለም! ተላጠ እኮ!

ቀስ በሉ የለካው የት ነበር? እሱ የለካው ርቆ ከሆነ…

ቁጭ ብዬ በእርሳስ ሣልኩት። ብየዳው አናቱ ጉብ ያለ ነው፣ ከላዩ ቀጥ አድርገው ድምፅ አይልኩበትም። ከጎኑ በሰያፍ ይላካል። ድምፁ ወርዶ የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ ኳስ ይነጥርና ወደ ላይ፣ ወደ ብየዳው ይወጣል። ኳሱ የነጠረበትን ወለል ካላወቅክ የደረሰበትን አታውቅም። ግድግዳው ከተላጠ በኋላ ሃያ ሚሊ ነው እንበል። ድምፁ ሃያ ወርዶ፣ ሃያ ወጥቶ፣ ብየዳው አናት ላይ ደርሶ ይመለሳል። አናቱ ጋ ምንም የለም፣ ብረቱ እዚያ ስለሚያልቅ ብቻ ይመለሳል። ቀስ በሉ ግን ማሽኑን "ወለሉ ሃያ ሁለት ላይ ነው" ብሎታል። ስለዚህ ማሽኑ ከአርባው ሃያ ሁለቱን ለመውረጃ ወሰደ፤ ለመውጫ አስራ ስምንት ብቻ ቀረው። ሃያ ሁለት ሲቀነስ አስራ ስምንት…

አራት!

ሁለት ወርዶ፣ ሁለት ወጥቶ፣ አራት። ስንጥቅ አይደለም። የብየዳው ቆዳ ነው! ማሽኑ የሚጣን ብየዳ አናት አይቶ "ስህተት" አለው።

ለሚጣ ልንገራት? በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ተሳስቼ ከሆነስ? ሁለተኛ ተስፋ ሰጥቼ ሁለተኛ ልሰብራት? ደግሞ የሥራ ቦታው ሰው… "ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ" ነው የሚለኝ። ለሷም ነው የሚተርፋት። ዕድሜ ልኳን "በእህቷ ያለፈች" ትባላለች። ብየዳውን መንካት የለብኝም። ጣቴን እንኳ። ግን መጠየቅ ማን ከለከለ? ደንቡን አነበብኩት፣ ጥያቄ የሚከለክል ቃል የለበትም።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

በደስታ ነው የምጽፈው!

ስደርስ ግራይንደሩ ተሰክቷል። ቆራጩ ጓንት እያጠለቀ ነው። ዋናው መሐንዲስ፣ ቀስ በሉ ከነማሽኑ፣ የቶርኖ ባለሙያው (ወሬ ሸቶት ቀርቶ አያውቅም)፣ ሚጣ ግድግዳ ተደግፋ። እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ገባሁ። ማንም "ነካች" እንዳይል።

"አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለ ዋናው።

"አልነካም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ።"

"ለማን?"

"ለሱ።" ወደ ቀስ በሉ ዞርኩ። "ውፍረቱን የት ጋ ነው የለካኸው?"

"እዚህ" አለና የጠመኔ ምልክቱን አሳየኝ። ከብየዳው ክንድ ያህል ይርቃል። "ሃያ ሁለት።"

"ብየዳው አጠገብስ?"

ቀስ በሉ አፉን ከፈተ። ዘጋው። የቶርኖ ባለሙያውን አየው። የቶርኖ ባለሙያው ጣሪያውን አየ፣ ቀጥሎ ወለሉን፣ ቀጥሎ "ወይ ጉዴ… እኔ እኮ ከውስጥ ላጥኩት!" አለ።

ቀስ በሉ ቀጥታ የሚለካውን ጆሮ (የማሽኑን መዳሰሻ እንዲህ ነው የምንጠራው) ጄል ቀብቶ ከብየዳው አጠገብ አስቀመጠ። በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ አይቼው አላውቅም! ስክሪኑን አየ።

"ሃያ" አለ። ጆሮውን አንቀሳቀሰው። "ሃያ።" በማዶው ቧንቧም። "ሃያ… ሁለት ወርዶ ሁለት ወጥቶ…"

የኔን ቃል! ሳልነግረው!

ዋናው ግን ዋና ነው። "ሂሳቡ ገብቶኛል። ግን በሂሳብ ብቻ ውሃ አልለቅም። ከአናቱ የመጣ ማሚቶ መሆኑን አሳዩኝ።"

ቀስ በሉ ፈገግ አለ። የሰያፉን ጆሮ ቦታው አድርጎ ያንን የተረገመ ምልክት ስክሪኑ ላይ አቆመው። ሹል ብሎ ቆመ። "አሁን ጣት እፈልጋለሁ" አለ። ሁሉም እኔን አየኝ። እኔ እጄን ከኋላዬ አላወጣሁም። "የሷ ጣት ይሁን" አልኩ።

ሚጣ መጣች። አመልካች ጣቷን ጄል ውስጥ ነከረች። ብየዳዋ አናት ላይ አሳረፈች።

ምልክቱ ወረደ።

አነሳች። ምልክቱ ብድግ።

ነካች… ወረደ። አነሳች… ብድግ። በጣቷ እያስጨፈረችው!

"የተቀባ ጣት ድምፁን ይጠጣዋል" አለ ቀስ በሉ ለዋናው። "ድምፁ እዚያ ድረስ መጥቶ ከሆነ ብቻ። ስንጥቅ ቢኖር ኖሮ አራት ሚሊ ታች ላይ ይቀር ነበር፤ ላይ ብትነካ ባትነካ ግድ የለውም።" ከዚያ ማሽኑን ሃያ ላይ አስተካክሎ ብየዳውን ከሁለቱም ወገን እንደገና ዞረው። ቀስ ብሎ። አምላኬ፣ ምን ያህል ቀስ ብሎ! ዙሪያውን ሲጨርስ ቀና አለና "ንጹህ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፣ በኔ ስም ይመዝገብ" አለ፣ ሁሉም እየሰማ። በዚህች ሰዓት እንዴት እንደወደድኩት! ሰው ማለት እሱ ነው።

ዋናው መሐንዲስ ወደ ቆራጩ ዞረ። "ንቀለው።"

ቆራጩ ግራይንደሩን ነቀለ። ጮቤ ረገጥኩ። እዚያው፣ በቦት ጫማ፣ እጆቼን ከኋላዬ እንዳጣመርኩ። ሚጣ በጄል በተለወሰ እጇ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ሸሚዜ እስካሁን ያዳልጣል፣ አላጥበውም።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ዛሬ ቀስ በሉ የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? ሌላ ብየዳ አጠገብ ሄዶ ውፍረት መለካት። ሁለቴ። ከዚያ እኔን አየና "ሦስተኛ ልለካ?" አለኝ። "አስር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነው የሚባለው" አልኩት። የእውነት አስር ጊዜ ለካ። ምን ነካኝ ደግሞ…

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

የግፊት ሙከራ። ቧንቧው ውሃ ተሞላ፣ ግፊቱ ሥራ ላይ ከሚኖረው በላይ ተደረገ። የግፊት መለኪያው መርፌ ወጣ… ወጣ… ቆመ። ሁላችንም ቆምን። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ዋናው መሐንዲስ ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ብየዳውን ዙሪያውን ጠረገው። ዘርግቶ አየው። ደረቅ! መሐረቡን ለሚጣ ሰጣት። "ያዢው፣ ማስታወሻ" አለ። እኔን ደግሞ፦ "አንቺ ጥያቄ ስትጠይቂ ከዛሬ ጀምሮ ወንበር ይሰጥሽ" አለኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሚጣ ማህተሟን አወጣች። መዶሻዋን አነሳች። አንድ ምት ለአራት፣ አንድ ምት ለሰባት። ድምፁ ፓምፕ ቤቱን ሞላው። ይሄኛው ድምፅ ማሽን አይፈልግም፤ ሁሉም ሰማው።

እማዬ ማታ መሐረቡን ይዛ ደጋግማ አገላበጠችው። "ይሄ ምን ይገርማል፣ ደረቅ መሐረብ ነው" አለች። "መገረም ያለብሽ ደረቅ መሆኑ ላይ ነዋ እማዬ!" አልኳት። አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው፣ መታወቂያዋና የአባባ ሰዓት ያሉበት። ያን ቀን ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅኋት። "ጮሂ፣ ሥራሽ አይደል?" አለችኝ።

የካቲት 24፣ እሁድ

የግቢው በር ማጠፊያ ጠዋት እንደገና ተገነጠለ። ምራቁ አለቀ!

እማዬ ከበሩ አጠገብ ቆማ አየችው። አየችው። መንገድ ዳር ወዳለው ሰውዬ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ተመልሳ ገባችና ሚጣ አልጋ ጫፍ ላይ ቆመች።

"ተነሺ። በሩ ይጠብቅሻል።"

ሚጣ ብርድ ልብሱን ከፊቷ ላይ አወረደች። "እጄ ጥቁር ነው እማዬ።"

"ነጭ እጅ ሦስቴ በይዶ አየሁት።"

ሚጣ ከሥራ ቦታ የብየዳ ማሽን ተዋሰች። አሮጌውን ብየዳ ሙልጭ አድርጋ ፋቀችው፣ ማጠፊያውን አስተካከለች፣ በየደች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል። እማዬ ደግሞ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ብልጭታውን በዓይናችሁ አትዩ! ያሳውራችኋል! ልጄ ሥራ ላይ ናት!" እያለች ሰው ትመልሳለች። ልጄ ሥራ ላይ ናት! እንዲህ ስትል ስሰማ ከተወለድኩ የመጀመሪያዬ ነው።

ሲቀዘቅዝ ጠጋ ብዬ ላየው ጣቴን ስዘረጋ እማዬ እጄን ቸብ!

"አንቺ አትንኪው። የዘመድ ብየዳ አይነካም ብለሽ የለ?"

"ታዲያ ማን ይመርምረው?"

እማዬ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። የበሩን የታችኛውን ብረት በእግሯ ረገጠች፣ ላዩን በሁለት እጇ ያዘች… ተንጠለጠለች! በዚህ ዕድሜዋ! ሚጣ "እማዬ ውረጂ!" ትጮሃለች፣ ጎረቤት ይስቃል፣ በሩ ከነእማዬ ወዲያ ተከፍቶ ወዲህ ተመለሰ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛ። ሲጥ እንኳ አላለም። ወረደች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ "ይይዛል" አለችና ገባች።

ሚጣ ማህተሟን አውጥታ ማጠፊያው አጠገብ መታችው። አራት። ሰባት። ሁለታችንም በሩ ሥር ተቀምጠን እያየነው ሳለ፣ እማዬ ጓዳ ሆና ሰፈሩ እስኪሰማ ተጣራች፦

"አርባ ሰባት! ምሳ ቀርቧል!"